ኖይዝ ፊገሩ የሚያምር ትራንዚስተር፣ ፌዝ ኖይዙ የሚያሳፍር ኦሲሌተር

በኢንተርኔት መድረክ ላይ የተለጠፈው ጥያቄ አጭር ነበር፤ የመልሶቹ ክር ግን ረዘመ። ጠያቂው 10 ጊጋኸርዝ ላይ የሚሠራ ኦሲሌተር፣ ማለትም ራሱ ሲግናል የሚያመነጭ ሰርኪዩት፣ ሠርቷል። ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ክፍል፣ ሬዞናተሩ፣ ዳይኤሌክትሪክ ሴራሚክ ነው። ትራንዚስተሩን ሲመርጥ የአምራቾችን ዳታሺቶች አገላብጦ ኖይዝ ፊገሩ (ትራንዚስተሩ ከራሱ የሚጨምረው ኖይዝ መለኪያ) ከሁሉም ያነሰውን የጋሊየም አርሰናይድ ፒሄምት፣ የፌት ትራንዚስተር ዓይነት፣ ወሰደ። 0.5 ዲቢ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ከዚያ ለካ። ከካሪየሩ (ከዋናው ሲግናል) 1 ኪሎኸርዝ ርቆ ፌዝ ኖይዙ፣ ማለትም ካሪየሩ ዙሪያ የሚሰራጨው የፌዝ መወዛወዝ፣ −65 ዲቢሲ (ከካሪየሩ አንጻር በዲቢ) በኸርዝ፣ 10 ኪሎኸርዝ ላይ −94፣ 100 ኪሎኸርዝ ላይ −120 ሆነ። ሰውየው ደነገጠ።

ነገሩን በጥያቄ ብቻ ቢተወው ክሩ በአምስት መልስ ያልቅ ነበር። እሱ ግን አንድ አቋም ጨመረበት። የዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ኖይዝ የሚቀነሰው ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ቺፑ ከወጣ በኋላ ተጠቃሚው ምንም ማድረግ አይችልም አለ። ክሩን ያሟሟቀው ይህ ነው።

መልስ 1 በጨዋነት ጀመረ። ጠያቂውን ወንድሜ ብሎ፣ ኖይዝ ፊገር የሚለካው በሥራው ፍሪኩዌንሲ መሆኑን አስታወሰው። 12 ጊጋኸርዝ ላይ 0.5 ዲቢ የሆነ ትራንዚስተር 1 ኪሎኸርዝ ላይ ምን እንደሚሠራ ያ ቁጥር አይናገርም። እዚያ ታች ያለው የ1/ኤፍ ኖይዝ ነው፤ ፍሪኩዌንሲው በወረደ ቁጥር ይጨምራል። ማጉያ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይነካህም ነበር፣ ኪሎኸርዙን አጣርተህ ትጥለዋለህ አለው። ኦሲሌተር ግን ሌላ ነው። ትራንዚስተሩ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ሲወዛወዝ ሊኒየር አይደለም። ጌቱ (የትራንዚስተሩ መቆጣጠሪያ እግር) ላይ ያለው ቀርፋፋ መወዛወዝ የውስጥ ካፓሲታንሱን ያንቀሳቅሳል፣ ካፓሲታንሱ ፌዙን ያንቀሳቅሳል፣ እናም የኪሎኸርዙ ኖይዝ ወደ ላይ ተሸክሞ ካሪየሩ ግራና ቀኝ ይቀመጣል።

መልስ 2 ሁለት መስመር ነበር። ኢንጂነሩ ሊሰን በ1966 ያወጣውን የኦሲሌተር ፌዝ ኖይዝ ቀመር ጠቅሶ ቁልቁለቱን ተመልከት አለ። በየዲኬዱ (ፍሪኩዌንሲው አስር እጥፍ በሆነ ቁጥር) 20 ዲቢ ቢወርድ ምንጩ ነጭ ኖይዝ፣ ማለትም በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል የሆነው፣ ነው፤ 30 ቢወርድ 1/ኤፍ ነው። የጠያቂው ከ1 ወደ 10 ኪሎኸርዝ 29 ወርዷል። ጥፋተኛው ታወቀ፣ ጨረስን ባይ ነው። ከ10 ወደ 100 ኪሎኸርዝ ስንት እንደወረደ ግን አላየም። ይህቺን ያዟት፤ ኋላ ትመጣለች።

መልስ 3 የማዕዘን ፍሪኩዌንሲዎችን ደረደረ። የ1/ኤፍ ኖይዝ ከነጩ ኖይዝ ጋር እኩል የሚሆንበት ነጥብ ማለቱ ነው። ለሲሊከን ባይፖላርና ለሲሊከን ጀርማኒየም ኤችቢቲ (ከሁለት ሴሚኮንዳክተር የተሠራ የባይፖላር ዓይነት) ኪሎኸርዞች፣ ለጋሊየም አርሰናይድ ኤችቢቲ በአስርና በመቶ የሚቆጠር ኪሎኸርዝ፣ ለጋሊየም አርሰናይድ ሜስፌትና ፒሄምት (ሁለቱም ፌቶች ናቸው) ደግሞ ሜጋኸርዞች፣ አንዳንዴም አስር ሜጋኸርዞች። ምክንያቱም ተጽፏል። ፌት ውስጥ ከረንቱ የሚሄደው ከገጹና ከንብርብሮቹ መጋጠሚያ ሥር ሥር ነው፣ ወጥመዶቹ፣ ኤሌክትሮን እየያዙ የሚለቁት ጉድለቶች፣ ያሉት እዚያ ነው። ባይፖላር ውስጥ ከረንቱ ወደ ታች፣ በንጹሁ ክሪስታል መሃል ያልፋል።

መልስ 4 እርማት ይዞ መጣ፣ ትንሽ ሸንቆጥ አድርጎም ነው። የማዕዘን ፍሪኩዌንሲ የማቴሪያሉ መታወቂያ አይደለም አለ። በባያስ ከረንት (ትራንዚስተሩን በሚያሠራው ቋሚ ከረንት) ይለዋወጣል፣ በትራንዚስተሩ ስፋት ይለዋወጣል። ሌላም አለ። ነጩ ኖይዝ በጣም ዝቅ ያለ ትራንዚስተር፣ 1/ኤፉ ከሌላው ጋር እኩል ሆኖ ሳለ እንኳ፣ ማዕዘኑ ከፍ ብሎ ይታያል። ወለሉ ስለወረደ ነው። ስለዚህ ማወዳደር የሚፈልግ ሰው ማዕዘኑን ትቶ አንድ ፍሪኩዌንሲ ይምረጥ፣ ለምሳሌ 10 ኪሎኸርዝ፣ እዚያ ላይ ያለውን ኖይዝ ወደ ግብዓት መልሶ በናኖቮልት ያወዳድር። መልስ 3 አመስግኖ ተቀበለው። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

መልስ 5 የጠያቂውን አቋም ደግፎ የገባ ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ይመስላል፤ የሚናገረው እንደ ባለሙያ ነው። ከክሩ ውስጥ እኔ ሁለቴ ያነበብኩት እሱን ነው። መጀመሪያ ያነሳው ገጹን ነው። ጋሊየም አርሰናይድ እንደ ሲሊከን ጥሩ የራሱ ኦክሳይድ የለውም። ገጹ ላይ ያልተያያዙ ቦንዶች ይቀራሉ፤ ኤሌክትሮን ይይዛሉ፣ ይለቃሉ። በሲሊከን ናይትራይድ ይሸፈናል፣ ግን ሽፋኑ ከመጣሉ በፊት ገጹ የሚጸዳበት መንገድ ከሽፋኑ ራሱ ያልተናነሰ ለውጥ ያመጣል። ኤችቢቲ ላይ ደግሞ ኢሚተሩ ዙሪያ ስስ የኢንዲየም ጋሊየም ፎስፋይድ ጠርዝ እንድትቀር ይደረጋል። ያቺ ጠርዝ ባዶ የነበረውን የቤዝ ገጽ ትሸፍናለች፣ እዚያ ይባክን የነበረው ከረንት ይቀንሳል፣ ከሱ ጋር የሚመጣው ኖይዝም ይቀንሳል።

ከዚያ ወደ ንብርብሩ ገባ። አሉሚኒየም ጋሊየም አርሰናይድ ውስጥ አሉሚኒየሙ ሲበዛ፣ ከ20 በመቶ ወደ ላይ ሲሄድ፣ ዲኤክስ የሚባሉት ጥልቅ ወጥመዶች ኤሌክትሮን መያዝ ይጀምራሉ። እነሱ የሚሰጡት ኖይዝ ለስላሳ 1/ኤፍ አይደለም፤ ስፔክትረሙ ላይ እብጠት ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ አሉሚኒየሙን መቀነስ፣ ወይም ከነጭራሹ ኢንዲየም ጋሊየም ፎስፋይድ መጠቀም። ሜስፌት ላይ ደግሞ ከቻናሉ በታች የተቀበረ የፒ ንብርብር ቻናሉን ከሰብስትሬቱ ወጥመዶች ይለየዋል። ሲሊከን ሞስፌት ላይ ሃይድሮጅን ባለበት ጋዝ ውስጥ ማሞቅ የመጋጠሚያውን ወጥመዶች ይዘጋል። በመጨረሻ ኮንታክቱን አነሳ። በደንብ ያልቀለጠ ኦሚክ ኮንታክት (ብረቱ ከሴሚኮንዳክተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ) የራሱን ኖይዝ ያመጣል፣ ሰው ግን ቻናሉን ሲረግም ይኖራል።

መልስ 6 ይህን ሁሉ አንብቦ ተናደደ። ሰውየው ፋብሪካ የለውም፣ ምን እንዲያደርገው ነው የሚነገረው ብሎ ጠየቀ። ንግግሩ ጠንከር ያለ ነበር፤ ኮርስ ለመስጠት የመጣ ሰው ኮርሱን ሌላ ቦታ ይስጥ አለ። መልስ 5 አልተቆጣም። ፋብሪካ ባይኖረውም ምን መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል፣ አምራቹን የ1 ኪሎኸርዝ የኖይዝ ግራፍ ይጠይቅ፣ ለኦሲሌተር ብሎ ያቀረበው ትራንዚስተር ካለ ያንን ይውሰድ አለ። እኔም እዚህ ላይ ከመልስ 5 ጋር ነኝ። አንድ ግራፍ መጠየቅ የስንት ሳምንት ልፋት ያድናል።

መልስ 7 ወደ ሰርኪዩቱ ወሰደን። ኢሚተሩ ወይም ሶርሱ ላይ ትንሽ ሬዚስተር አስገባ፣ ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ በካፓሲተር አትዝጋው፣ ለማይክሮዌቩ ብቻ በጥቂት ፒኮፋራድ ዝጋው አለ። ሬዚስተሩ ኪሎኸርዙ ላይ ፊድባክ ሆኖ መወዛወዙን ይገታል፣ 10 ጊጋኸርዝ ላይ ግን የለም። ባይፖላር ከሆነ ደግሞ የቤዙ 1/ኤፍ የከረንት ኖይዝ ነው፣ ፊቱ ያለው ኢምፒዳንስ በተለቀ ቁጥር ትልቅ ቮልቴጅ ይሆናል፤ ስለዚህ ቤዙ ለዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ፊቱ ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ ይግጠመው። ትልቅ ካፓሲተር ይበቃዋል። ሬዚስተሮቹም ቀጭን ፊልም ወይም የሽቦ ይሁኑ፤ ወፍራም ፊልም የሆኑት ዲሲ ሲያልፍባቸው የራሳቸውን 1/ኤፍ ይጨምራሉ።

መልስ 8 ትልቅ ካፓሲተር የሚለውን ሰምቶ ማስጠንቀቂያ ይዞ መጣ፤ ማስጠንቀቂያውም የራሱ ገጠመኝ ነበር። ከሚገባው በላይ አጣራለሁ ብሎ ኢሚተሩን በትልቅ ኤሌክትሮላይቲክ ዘግቶት ኖሯል። ኃይል ሲጠፋ ቤዙ ቶሎ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ኢሚተሩ ግን ካፓሲተሩ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ይዞ ይቆያል። የቤዝና ኢሚተር መጋጠሚያው በተቃራኒ ቮልቴጅ ይመታል። የማይክሮዌቭ ባይፖላሮች እዚያ ላይ የሚችሉት አንድ ሁለት ቮልት ብቻ ነው። ትራንዚስተሩ አይሞትም፣ ይሠራል፣ ጌይኑም ያለ ይመስላል፤ የ1/ኤፍ ኖይዙ ግን በጠፋና በበራ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል። ሰውየው ለወራት ትራንዚስተሩ አረጀ ሲል ኖሮ አንድ ዳዮድ ጨምሮ ተገላገለ።

ከዚህ በኋላ ጠብ መጣ። መልስ 9 ኦፕአምፕ (የማጉያ ቺፕ) ይዞ የድሬኑን፣ ማለትም የትራንዚስተሩን የውጤት እግር፣ ከረንት መለካት፣ ከዚያ ጌቱን እየገፉ ከረንቱን ማረጋጋት አቀረበ። ከረንቱ ካልተወዛወዘ ኖይዙ የለም ባይ ነው። መልስ 10 ይህ ራስን ማታለል ነው አለ፣ በዚሁ ቃል። ፌዙን የሚያንቀሳቅሰው በብዛት የጌትና ሶርሱ ካፓሲታንስ ነው፤ ካፓሲታንሱ ደግሞ የሚከተለው የጌቱን ቮልቴጅ ነው። ከረንቱን ለማረጋጋት ጌቱን ስታወዛውዘው ካፓሲታንሱን ይበልጥ ልታንቀሳቅሰው ትችላለህ። የድሬን ኖይዝህ ወርዶ ፌዝ ኖይዝህ ሊጨምር ይችላል። መልስ 9 ለኔ ሠርቶልኛል ብሎ ድርቅ አለ። ሁለቱም ትንሽ ተዘላለፉ፤ አንዱ ሌላውን ሲሙሌሽን ብቻ የሚያውቅ አለው። የኔ አስተያየት፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው ያ ትራንዚስተር በዚያ ባያስ ላይ ያለው ባሕርይ ነው፣ እሱም ሳይለካ አይታወቅም።

መልስ 11 ዝም ብሎ ቆይቶ የመጣ ሰው ነው። መልስ 2ን ጠቅሶ፣ ቁልቁለቱን ግማሹን ብቻ አነበብክ አለው። ከ10 ወደ 100 ኪሎኸርዝ 26 ዲቢ ብቻ ነው የወረደው። የዚህ ትራንዚስተር ማዕዘን ሜጋኸርዞች ከሆነ 30 መውረድ ነበረበት። አራቷ ዲቢ የት ሄደች? ከሌላ ቦታ የሚመጣ ነጭ ኖይዝ ከታች እየተጨመረ ነው አለ፣ ጣቱንም ለኦሲሌተሩ የሚሰጠውን ቮልቴጅ የሚያረጋጋው ሬጉሌተር ላይ ቀሰረ። ከዚያ ሒሳቡን በግልጽ ሠራው። የተለመደው ባለ ሦስት እግር ባለ 5 ቮልት ሬጉሌተር ከ10 ኸርዝ እስከ 100 ኪሎኸርዝ 40 ማይክሮቮልት ገደማ ኖይዝ አለው። ለባንዱ ሲካፈል 0.13 ማይክሮቮልት በስኩዌር ሩት ኸርዝ ይሆናል። ኦሲሌተሩ ቮልቴጁ በ1 ቮልት ሲለወጥ 1 ሜጋኸርዝ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ያ ኖይዝ ፍሪኩዌንሲውን 0.13 ኸርዝ ያወዛውዘዋል። 10 ኪሎኸርዝ ላይ ሲታይ −101 ዲቢሲ፣ 100 ኪሎኸርዝ ላይ −121። ጠያቂው 100 ኪሎኸርዝ ላይ −120 ነው ያለው። እንግዲህ እዚያ ላይ የለካኸው ትራንዚስተርህን ሳይሆን ሬጉሌተርህን ነው አለው። ኃይለ ቃል የለውም፣ ግን ይወጋል።

ጠያቂው በመልስ 12 ተመለሰ። ኦሲሌተሩ በእርግጥም በቮልት 1 ሜጋኸርዝ ያህል ይንቀሳቀሳል። ሬጉሌተሩን አውጥቶ በባትሪ አሠራው። 1 ኪሎኸርዝ ላይ ንቅንቅ አላለም፤ 10 ኪሎኸርዝ ላይ 1 ዲቢ፣ 100 ኪሎኸርዝ ላይ 5 ዲቢ ወረደ። ቁልቁለቱ አሁን ከላይ እስከ ታች 30 ሆነ። ታች ያለው ግን አሁንም የትራንዚስተሩ ነው፣ ስለዚህ እኔ ያልኩት ልክ ነው አለ። ግማሹ ልክ ነው።

እዚህ ጋ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 13 1/ኤፍ የተፈጥሮ ሕግ ነው፣ ተመራማሪው ሁግ በ1969 የ1/ኤፍን መጠን ለማስላት ያወጣው 2 በሺህ የሚባለው ቁጥር ቋሚ ነው፣ የኤሌክትሮኖቹን ብዛት ከመጨመር በቀር መቀነሻ የለውም ብሎ ተነሳ። መልስ 14 ቁጥሩ ቋሚ እንዳልሆነ፣ በክሪስታሉ ጥራት እንደሚለዋወጥ፣ ከዚያ እጅግ ያነሱ እሴቶች እንደተለኩ አስረዳ። ማክዎርተር የተባለ ተመራማሪ በ1957 ያቀረበውን ማብራሪያም አስታወሰ። እያንዳንዱ ወጥመድ የራሱ የመያዣና የመልቀቂያ ጊዜ አለው፤ ጊዜያቸው በብዙ ዲኬድ የተበተነ ብዙ ወጥመዶች ሲደመሩ 1/ኤፍ ይወጣል። ጥቂት ሲሆኑ እብጠት ይወጣል። አንድ ብቻ ሲሆን ደግሞ ኦሲሎስኮፕ ላይ ከረንቱ በሁለት ደረጃ መሃል ሲዘል ይታያል።

መልስ 15 ታዲያ ወደ ዜሮ ኸርዝ ሲወርድ ኖይዙ ኢንፊኒቲ አይሆንም ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁልጊዜ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። መልስ 16 የሰጠው ሒሳብ ግን አስደሰተኝ። 1/ኤፍ በየዲኬዱ እኩል ኃይል ነው ያለው። ከ1 ኸርዝ ተነስተን የዩኒቨርሱን ዕድሜ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት፣ አንድ ዙር አድርገን ብንቆጥር 18 ዲኬድ አይሞላም። እንግዲህ የአንዱን ዲኬድ ኃይል በ18 ማባዛት ነው፤ ኢንፊኒቲው ሩቅ ነው።

መልስ 17 አቀዝቅዘው አለ። መልስ 18 ቅዝቃዜ ነጩን ኖይዝ ይቀንሳል እንጂ ለ1/ኤፍ ዋስትና የለውም ብሎ መለሰለት። ወጥመዶቹ በሙቀት ፍጥነታቸውን ይለውጣሉ፤ እብጠቱ ከአንድ ፍሪኩዌንሲ ወደ ሌላ ይዛወራል፣ ዕድለኛ ካልሆንክ አንተ የምትሠራበት ላይ ይመጣል። ለሬዲዮ አስትሮኖሚ የተሠሩ የመጀመሪያዎቹ ቀዝቃዛ ሄምት ማጉያዎች ውስጥ ኤልኢዲ ይበራ እንደነበር የነገረን እሱ ነው። ብርሃኑ ዲኤክሶቹ የያዙትን ኤሌክትሮን ያስለቅቃል፣ ትራንዚስተሩ ይረጋጋል።

መልስ 19 የራሱን ጥያቄ ይዞ ገባ፣ እንደተለመደው። 24 ጊጋኸርዝ ዶፕለር ራዳር አለው፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር አያይለትም። በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ነገር የሚሰጠው 160 ኸርዝ ብቻ ነው፤ በትክክል የሚክሰሩ (የተመለሰውን ሲግናል ወደ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚያወርደው ክፍል) ዳዮድ 1/ኤፍ ያለበት ቦታ። መልስ 20 ሲሊከን ሾትኪ ዳዮድ ከጋሊየም አርሰናይዱ እዚህ ላይ እንደሚሻል ነግሮት፣ ዋናው መፍትሔ ግን ሲግናሉን ከዚያ ሰፈር ማውጣት ነው አለው። ፊዚሲስቱ ዲኪ በ1946 ራዲዮሜትሩ (የሬዲዮ ጨረር መለኪያው) ላይ ያደረገው ይህንን ነው፤ ግብዓቱን በአንቴናና በማወዳደሪያ መሃል ቶሎ ቶሎ እየቀያየረ የጌይኑን ቀርፋፋ መወዛወዝ አሸነፈ። በ2009 የተተኮሰችው ፕላንክ ሳተላይት ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ መሣሪያም ሰማዩን ከ4 ኬልቪን ማወዳደሪያ ጋር እያነጻጸረ በ4096 ኸርዝ ፌዝ ይቀያይር ነበር። ለኦሲሌተር ይህ አይሠራም፤ የሚቀያየር ግብዓት የለውም። መልስ 6 በዚህ መሃል ተመልሶ ርዕሱ የት ደረሰ ብሎ ጮኸ። ልክ ነበር።

መልስ 21 መለካት ላይ ቁም ነገር ጨመረ። ማጉያህ ከትራንዚስተሩ ይበልጥ የሚጮህ ከሆነ በሁለት ማጉያ ለካና ክሮስ ኮሪሌሽን ሥራ፣ ማለትም ሁለቱም ላይ የሚታየውን ብቻ አውጣ አለ። ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። 10 ዲቢ ለማትረፍ 100 ጊዜ ማማከል፣ 20 ዲቢ ለማትረፍ 10,000 ጊዜ።

ጠያቂው በመልስ 22 መጨረሻ ላይ ውጤት ይዞ መጣ። ፒሄምቱን ትቶ ሲሊከን ጀርማኒየም ኤችቢቲ አስገባ፣ የቤዙን ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ በካፓሲተር ዘጋ፣ ዳዮዷንም አልረሳም። በባትሪ 10 ኪሎኸርዝ ላይ −111 አገኘ። ከዚያ ሬጉሌተሩን መለሰ። −101። ካተረፈው ላይ 10 ዲቢ በአንድ ሬጉሌተር ተበላ። መልስ 11 ነገርኩህ ሳይል ዝም ማለቱን አደንቃለሁ።

መልስ 23 ከሬጉሌተሩ በኋላ 1 ኪሎኦም እና 100 ማይክሮፋራድ አድርጎ አንድ ትራንዚስተር እንደ ካፓሲተር ማባዣ (ትንሹን ካፓሲተር እንደ ትልቅ የሚያሠራ ማጣሪያ) እንዲሠራ መከረ፤ 1.6 ኸርዝ ላይ ማጣራት ይጀምራል። መልስ 24 ካፓሲተሩ ግን ትልቅ ሴራሚክ እንዳይሆን አለ፤ እነዚያ ሲነካኩ ቮልቴጅ ያወጣሉ፣ ጠረጴዛውን መታ ስታደርገው ስፔክትረሙ ላይ ታየዋለህ። ታንታለም ወይም ኤሌክትሮላይቲክ ይሁን። መልስ 25 ሲበራ ግማሽ ሰከንድ ያህል ፍሪኩዌንሲው ሲንሸራተት ይቆያል፣ ትችለዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠያቂው ኦሲሌተሩ አንዴ ከበራ አይጠፋም አለ። መልስ 9 እና 10 ግን የኦፕአምፑን ነገር አሁንም እየተከራከሩበት ነው፤ አሁን ወደ መለኪያ ሰርኪዩት ሥዕል ልውውጥ ገብተዋል።